«በጎ» ካፒታል ሲመጣና ሲሄድ፦ ከጋፋት ምድጃ እስከ ይፋግ ገበያ

ካፒታል የዘወትር ልብስና የክት ልብስ አለው። በዘወትር ልብሱ በፋብሪካ፣ በማዕድንና በባንክ ይታያል፤ የሚሻውም ትርፍ መሆኑን አይደብቅም። የክት ልብሱን የለበሰ ዕለት ግን «የመጣሁት ድሃውን ላስተምር፣ ሥራ አጡን ለሥራ ላበቃ ነው፤ ትርፉም በዚያው ይመጣል» ይላል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በትምህርትና በሙያ ሥልጠና መስክ በብዛት የሚታየው በዚህ በሁለተኛው ልብሱ ነው። ስሙም ኢምፓክት ኢንቨስትመንት ይባላል፤ ማኅበራዊ ፋይዳንና ትርፍን አንድ ላይ የሚሻ መዋዕለ ንዋይ ማለት ነው። ስያሜው እ.ኤ.አ. በ2007 የሮክፌለር ፋውንዴሽን በጣሊያን ቤላጂዮ በጠራው ስብሰባ ላይ ተወለደ። በ2024 የዘርፉ ዓለም አቀፍ መረብ ባወጣው ግምት በዚህ ስም የሚተዳደረው ሀብት ከ1.5 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ደርሷል።

ይህ ሁሉ የቀበሌ ማኅበር አባሉንና ሠራተኛውን ምን ያገባዋል የሚል ቢኖር መልሱን በየቤቱ ያገኘዋል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ845,000 በላይ ወጣቶች ውስጥ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ፣ ማለትም 3.2 ከመቶ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ቁጥሩ 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆነ። መሻሻሉ አይካድም፤ ነገር ግን በተሻለው ዓመት እንኳ ከ100 ተፈታኞች ከ91 በላይ የሚሆኑት ግማሹን ነጥብ አላመጡም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተባባሰው ግጭት ምክንያት በሺህ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ማስተማር ያቋረጡ መሆናቸው ሲታከልበት፣ ለፈተናው እንኳ ያልደረሰው ወጣት ቁጥር ቀላል አይደለም። እንግዲህ ይህን ወጣት በአጭር ጊዜ ሙያ አስተምሬ ከቀጣሪ ጋር አገናኛለሁ የሚል ኩባንያ በገበያ ላይ ብቅ ቢል፣ በሩን ዘግቶ የሚመልሰው ወላጅ አይኖርም። ወላጁ አይሳሳትም፤ የልጁ ዕድሜ ቆሞ አይጠብቅምና። ስለዚህም የካፒታሉን ሥነ ምግባር ከማመስገን ወይም ከማውገዝ በፊት አሠራሩን መመርመር ያስፈልጋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የጡረታ ድርጅቶች፣ የልማት ባንኮች፣ በጎ አድራጊ ፋውንዴሽኖችና ባለጸጎች ገንዘባቸውን ለአንድ ፈንድ ያስረክባሉ። የፈንዱ አስተዳዳሪ በተለምዶ በየዓመቱ ከገንዘቡ 2 ከመቶ ያህል ለሥራ ማስኬጃ፣ በመጨረሻም ከትርፉ 20 ከመቶ ያህል ይወስዳል። የፈንዱ ዕድሜ ባብዛኛው 10 ዓመት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ አስተዳዳሪው ገና በጅምር ላይ ካሉ ኩባንያዎች አክሲዮን ይገዛል፤ አሳድጎ ለሌላ ይሸጣል፤ ገንዘቡንም ለባለቤቶቹ ይመልሳል። ይህን የመጨረሻ እርምጃ ባለሙያዎቹ ራሳቸው «መውጫ» ይሉታል። ጀማሪ ኩባንያዎች አብዛኛዎቹ የሚከስሩ በመሆናቸው፣ የከሰሩትን ኪሣራ የሚሸፍነው አንዱ የተሳካለት አሥር እጥፍ ሲያድግ ነው። ስለሆነም ፈንዱ የሚፈልገው ደኅና የሚያስተምር ኩባንያ ብቻ ሳይሆን በፍጥነት ሊስፋፋ የሚችል ኩባንያ ነው። በአንድ አነስተኛ ከተማ 20 ወጣቶችን በብረታ ብረት ሥራ የሚያሠለጥን ጥሩ አስተማሪ በዚህ ሚዛን አይታይም፤ የሚያሠለጥነው ስለማይረባ አይደለም፤ አሥር እጥፍ ስለማያድግ ነው። ቅራኔው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ዕውቀት በአንድ ሰው እጅና አእምሮ ውስጥ በዓመታት ይበስላል፤ ካፒታሉ ግን ከመግባቱ በፊት የመውጫውን ቀን ቆርጦ ይመጣል።

ይህ ጥያቄ ለበጌምድር ምድር አዲስ አይደለም። ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ጋፋት ጉዳዩን ከ150 ዓመታት በፊት አይታዋለች። በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1840 የተቋቋመው የቅዱስ ክሪሾና የሚሲዮን ማሠልጠኛ፣ የእጅ ሙያ ያላቸውን ወጣት ምእመናን እያዘጋጀ ይልክ ነበር። ሐሳቡ በዘመኑ ብልህ የሚባል ነበር፤ የሚላከው ሰው በሙያው ይኖራል፣ በኑሮውም ወንጌልን ይሰብካል። ፋይዳና ገቢ በአንድ ከረጢት ተቋጠሩ ማለት ነው። ዓፄ ቴዎድሮስ ደግሞ ከእነዚህ ባለሙያዎች የፈለጉት ሌላ ነገር ነበር፤ ጋሪ፣ መንገድ፣ ከሁሉም በላይ መድፍ። ባለሙያዎቹ መድፍ የማቅለጥ ሙያ አልነበራቸውም። ንጉሡ ግን አልተቀበሏቸውም፤ ከብዙ የከሸፈ ሙከራ በኋላ ምድጃው ሠራ። በ1859 ዓ.ም. ገደማ 7 ቶን ያህል እንደሚመዝን የሚነገርለት «ሴባስቶፖል» ከዚያ ወጣ። በጋፋት የኢትዮጵያ ልጆች ከውጭዎቹ ባለሙያዎች ጎን ሆነው ማንበብ፣ መጻፍና የእጅ ሥራ እንዲማሩ ተመድበው ነበር። ስለዚህ ጋፋትን መድፍ የተሠራባት ሥፍራ ብቻ አድርጎ ማየት ጎዶሎ ነው፤ በአገራችን በዘመናዊ መልክ ከተጀመሩት የሙያ ማሠልጠኛዎች በኩራቸው ሊባል ይችላል።

ከዚያስ ምን ሆነ? በ1860 ዓ.ም. የናፒየር ጦር መቅደላን ከያዘ በኋላ የጋፋት ባለሙያዎች ከጦሩ ጋር አገሪቱን ለቅቀው ወጡ። ምድጃው ጠፋ። ከእነርሱ አንዱ የነበረው ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ወደ ሊባኖስ ተሻገረና እ.ኤ.አ. በ1873 በብሩማና ትምህርት ቤት መሠረተ፤ ያ ትምህርት ቤት ዛሬም ያስተምራል። በጋፋት የተገኘው ልምድ በሊባኖስ ተራራ ፍሬ ሲያፈራ፣ በጋፋት ግን የቀረው ታሪክ ነው። ለዚህ ውድቀት ብዙዎች የሚወቅሱት ጦርነቱን ነው፤ ትክክል ነው፤ ሙሉ ግን አይደለም። የእሳቱ ዕውቀት በላኪው ወገን ሰዎች እጅ፣ የእሳቱ ዓላማ በቤተ መንግሥቱ እጅ ነበረ። ከሰል የሚያቀርበው፣ ወናፍ የሚነፋው፣ መድፉን በጀርባው እየገፋ ተራራ የሚያወጣው የበጌምድር ሰው ግን ከሁለቱ የአንዱም ባለቤት አልነበረም። ሁለቱ ባለቤቶች በአንድ ዓመት ሲጠፉ፣ ለሦስተኛው የተረፈለት ነገር አልነበረም።

ከጋፋት ወደ ዛሬው ዓለም እንሻገር። እ.ኤ.አ. በ2014 በሌጎስ የተቋቋመው አንዴላ የተባለ ኩባንያ፣ ጎበዝ አፍሪካውያን ወጣቶችን መርጦ፣ ደመወዝ እየከፈለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሥራ እያስተማረ፣ ለአሜሪካ ኩባንያዎች ከርቀት እንዲሠሩ ያደርግ ነበር። በ2016 የፌስቡኩ ባለቤት ዙከርበርግና ባለቤቱ ያቋቋሙት ድርጅት የመራው 24 ሚሊዮን ዶላር ገባለት፤ በ2019 መጀመሪያ ደግሞ የቀድሞው የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት አል ጎር ካቋቋሟቸው አንዱ በሆነው ጄኔሬሽን በተባለው ፈንድ መሪነት 100 ሚሊዮን ዶላር ተጨመረ። በዚያው ዓመት መስከረም ኩባንያው በናይጄሪያ፣ በኡጋንዳና በኬንያ ያሉ 400 ያህል ጀማሪ ሠራተኞቹን አሰናበተ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ገዢዎቹ የሚፈልጉት ልምድ ያለውን ባለሙያ እንጂ ጀማሪውን አልነበረም። ኩባንያው ማስተማሩን ትቶ የበሰለውን ባለሙያ የሚያገናኝ ደላላ ሆነ፤ በ2021ም 1.5 ቢሊዮን ዶላር ዋጋ ተሰጠው። በሒሳብ መዝገብ ስናየው ስኬት ነው። ማስተማር ወጪ፣ ማገናኘት ገቢ መሆኑን ያወቀ ካፒታል ያደረገውን ነው ያደረገው፤ የሚያስገርመውም ይህን ያልጠበቀ ሰው መኖሩ ነው።

የኬንያው ብሪጅ ደግሞ ሌላ ገጽታ ያሳያል። በናይሮቢ ድሃ ሠፈሮች በ2009 እ.ኤ.አ. የጀመሩት እነዚህ ርካሽ ትምህርት ቤቶች፣ መምህሩ ከማዕከል በታብሌት የሚላክለትን ጽሑፍ ቃል በቃል እያነበበ እንዲያስተምር ያደርጉ ነበር። ተቺዎቹ ይህን በመምህሩ ላይ የተጫነ ውርደት ሲሉት ኖረዋል፤ በከፊልም እንስማማለን። ይሁን እንጂ የኖቤል ተሸላሚው ማይክል ክሬመር ከባልደረቦቹ ጋር በ2022 ያወጣው ጥናት፣ ልጆቹ በሌላ ትምህርት ቤት ካሉ እኩዮቻቸው በግልጽ የበለጠ ተምረው መገኘታቸውን አሳይቷል። ሐቅ ነውና አንዘለውም። ነገር ግን በዚያው ዓመት የዓለም ባንክ ቡድን አካል የሆነው የዓለም አቀፍ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን ድርሻውን ሸጦ ወጣ፤ በኡጋንዳም ቀደም ሲል በ2016 መንግሥት ትምህርት ቤቶቹ እንዲዘጉ አዝዞ ነበር። ልጁ ቢማርም የሚማርበት ቤት ዕጣ በባለ አክሲዮንና በተቆጣጣሪ ክርክር መካከል ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው። ለዚህ ነው «ተማሩ ወይስ አልተማሩም?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን የማይበቃን።

በአሜሪካ ደግሞ ላምዳ ስኩል የተባለው ድርጅት «አሁን አትክፈል፤ ሥራ ስትይዝ ከደመወዝህ 17 ከመቶ ለሁለት ዓመት ትከፍላለህ» በሚል ውል እስከ 30,000 ዶላር ያስከፍል ነበር። በ2024 የአገሪቱ የሸማቾች ፋይናንስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ውሉ ብድር መሆኑ እንደተደበቀና ሥራ ያገኙት ተመራቂዎች ቁጥር እንደተጋነነ ገልጾ፣ ድርጅቱን ለተማሪ ከማበደር ለዘለቄታው አገደው። የአገራችን አንባቢ የወጪ መጋራትን ስለሚያውቅ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ ግን ከባድ ነው። የወጪ መጋራት ዕዳ ለሕዝብ ሣጥን የሚመለስ ነው፤ የላምዳ ውል ግን ለባለካፒታል የሚሸጥ ሸቀጥ ነበር፤ ወጣቱ ገና ተመርቆ ሳይወጣ የነገ ደመወዙ ለሌላ ሰው ተሽጦ ሊገኝ ይችላል።

ወደ አገራችን እንመለስ። በአዲስ አበባ በ2016 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው «ገበያ» የተባለው ኩባንያ የሶፍትዌር ባለሙያዎችን በማሠልጠን ጀመረ፤ ፓርቴክንና ኦሬንጅን የመሰሉ የውጭ ባለካፒታሎች ገንዘብ ገባበት፤ ቆይቶም ዋነኛ ሥራው ባለሙያንና አሠሪን ማገናኘት ሆነ። ከአንዴላ ጋር መንገዱ መመሳሰሉ የአንድ ሥራ አስኪያጅ ጠባይ ያመጣው ሳይሆን የካፒታሉ ግፊት ነው። በሌላ በኩል የማስተርካርድ ፋውንዴሽን በ2019 እ.ኤ.አ. ባስጀመረው መርሐ ግብር እስከ 2030 በኢትዮጵያ 10 ሚሊዮን ወጣቶች ለሥራ እንዲበቁ ግብ አስቀምጧል፤ ይህኛው በመሠረቱ ዕርዳታ በመሆኑ ትርፍ እንዲመለስለት አይጠይቅም። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት አያስፈልግም፤ የዕርዳታን ገንዘብና የአክሲዮንን ገንዘብ መለየት የንቃት መጀመሪያ ነው።

በአክሲዮን የሚገባው ገንዘብ በእኛ አገር አንድ ተጨማሪ አደጋ አለው፤ በስብሰባዎች ላይ እምብዛም የማይነሳ በመሆኑ ጠጋ ብለን እንየው። ባለካፒታሉ የሚያስገባው ዶላር ነው፤ የሚጠብቀውም ዶላር ነው። ተማሪው የሚከፍለው ግን ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 1 ዶላር ወደ 57 ብር ይመነዘር ነበር። ያን ጊዜ 1 ሚሊዮን ዶላር ያስገባ ፈንድ 57 ሚሊዮን ብር ሥራ ላይ አዋለ እንበል። ዶላሩ 120 ብር ሲደርስ፣ ያንኑ 1 ሚሊዮን ዶላር ያለ ምንም ትርፍ ለመመለስ ኩባንያው 120 ሚሊዮን ብር ሊኖረው ይገባል። ማሠልጠኛው ጎብዞ፣ ተማሪው በርትቶ፣ ሒሳቡ በብር ሁለት እጥፍ አድጎ እንኳ በባለካፒታሉ ዓይን ከስሯል። ይህን ጉድለት የሚሸፍነው ማን ነው? ወይ የትምህርት ክፍያው ይወጣል፣ ወይ አስተማሪው ይቀነሳል፣ ወይም ደመወዙ በዶላር ለሚከፈል የውጭ ገበያ የሚሆነው ሙያ ብቻ ይሰጣል። ሦስተኛው መንገድ ለካፒታሉ ቀላሉ ስለሆነ ነው ገንዘቡ የሶፍትዌር ትምህርትን የሚወድደው። የመስኖ ፓምፕ ጥገና፣ የእህል ማበጠሪያ ሥራ፣ የእንስሳት ሕክምና ረዳትነት በዶላር አይከፈሉም። ስለዚህም ይፋግ አይደርሱም።

ይፋግ ስንል ዝም ብለን አልመረጥናትም። ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን ከተማ (ከዚህ ጋዜጣ ጋር ስም የምትጋራው ማለታችን ነው) በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ይህች ከተማ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት በበጌምድር ከታወቁት ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች። አሞሌ ጨው፣ የማርያ ቴሬዛ ብር፣ ጥጥና ቡና በዚያ ይገናኙ ነበር። ነጋዴው አትርፎ ሄደ፤ አሞሌው ተሟሙቶ አለቀ። ይፋግን ያበለጸገ ቋሚ ሙያ ከዚያ ሁሉ ንግድ አልተረፈም።

ከይፋግ ደቡብ ባለው በፎገራ ሜዳ ላይ ግን ተቃራኒውን እናገኛለን። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በአካባቢው የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ውስጥ የሩዝ አዘራር አስተማሩ፤ ከዚያ የወጣው ዝርያ በጅግና ቀበሌ ስም «ኤክስ ጅግና» ተባለ። ባለሙያዎቹ አገራቸው ገቡ። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ከታወጀ በኋላ ማኅበራቱ ራሳቸው ፈረሱ። እነዚያ ማኅበራት ብዙ ገበሬ ወድዶ ያልገባባቸው ስለነበሩ ሲፈርሱ እንባ ያፈሰሰላቸው ጥቂት ነው። ሩዙ ግን አልፈረሰም። ዘሩ በገበሬው ጎተራ፣ የውኃውም ጠባይ በገበሬው ዓይን ውስጥ ነበር። ጎረቤት ከጎረቤት ተማረ፤ ፎገራ፣ ሊቦ ከምከምና ደራ ሩዝ አብቃይ ሆኑ፤ እንጀራውም ከሩዝ ዱቄት ጋር ተቀየጠ፤ በወረታም የሩዝ መፈልፈያ ፋብሪካዎች ተተከሉ፣ የአገር አቀፉ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ተሠራ። በጋፋት አስተማሪው ሲሄድ ምድጃው ጠፋ፤ በጅግና አስተማሪው ሲሄድ ዘሩ ቀረ። ስለ ትምህርት ካፒታል ለምናነሳው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መለኪያ ከውጭ ማስመጣት አያስፈልገንም።

በዚያው በፎገራ ወረዳ ያለው አውራ አምባም ሊታለፍ አይገባውም። በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተው ይህ ማኅበረሰብ በሽመና፣ በወፍጮና በንግድ ከሚያገኘው ገቢ ለአረጋውያን መጦሪያ፣ ለልጆች መማሪያ አቁሟል። ወንዱና ሴቱ ሥራን ሳይለዩ መሥራታቸው ዝናውን ባሕር አሻገረው። ፓውሊና ቴርቮና ሰርዳር ፌሪት የተባሉ የፊልም ባለሙያዎች ስለ አውራ አምባ በኢንተርኔት የሚጎበኝ ዘጋቢ ፊልም ሠሩ፤ ከዚያም ልምድ በመነሳት ሊፍታ የተባለ የትምህርት ኩባንያ አቋቋሙ፤ ኩባንያውም በአውሮፓ ላሉ ትምህርት ቤቶች የልዩ ልዩ አገር ሰዎችን ኑሮ በምስል ያስተምራል። ሥራው መልካም ነው፤ የእንግሊዝ ልጅ ከደቡብ ጎንደር ገበሬ ትምህርት መቅሰሙን የሚጠላ የለም። ነገር ግን የነገሩን አቅጣጫ እናስተውል። የትምህርት ኩባንያ የሚቆመው ከፋይ ባለበት ነው። የአውራ አምባ ሕይወት ትምህርት ሆኖ የሚሸጥበት ክፍል ሩቅ ነው፤ የአውራ አምባ ልጅ የሚማርበትን ክፍል ያቆመው ግን የሸማኔው ላብ ነው።

እንደዚህ ስንል ለትምህርት የውጭ ገንዘብ አይግባ ማለታችን አይደለም። የራሳችንም መንገድ ጉድለት ነበረበት። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውና በ15 ቋንቋዎች የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል፤ ሰፊው ሕዝብ በነቂስ ወጥቶ ተምሯል። ከዘመቻው በኋላ የሚነበብ ጋዜጣና መጽሐፍ በየመንደሩ ስላልደረሰ ግን ብዙው ያወቀውን ፊደል ረሳ። ያለ ገንዘብ የሚደረግ ዘመቻም፣ ያለ ባለቤትነት የሚገባ ገንዘብም፣ ሁለቱም መጨረሻቸው መርሳት ሊሆን ይችላል። በጋይንት ቤተልሔም ድጓ ሲማር የኖረው የቆሎ ተማሪ በገበሬው ቁራሽ የተማረ ነው፤ ለቁራሹ ወለድ ያሰበ ገበሬ አልነበረም፤ በአንጻሩ የቀረበለትን ትምህርት የመምረጥ ሥልጣንም አልነበረውም።

እንግዲህ አንድ የሥልጠና ኩባንያ ወደ ይፋግ ወይም ወደ ደብረ ታቦር መጥቶ ከቀበሌው ቦታ፣ ከወጣቶች ማኅበሩ ስም ዝርዝር፣ ከወላጁም ፊርማ ቢጠይቅ፣ ማኅበሩ አፍሮ ዝም የሚልበት ምክንያት የለም። ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ሥራ ያገኘው ሰው ቁጥር እንጂ የምስክር ወረቀት የወሰደው ሰው ቁጥር አይደለም፤ ያውም ከስድስት ወር በኋላ አሁንም ሥራው ላይ ያለው። ውሉ በአማርኛ ይጻፍ፤ ከወደፊት ደመወዝ የሚቆረጥ ካለ ጣሪያው በብር ይጠቀስ፤ ብሩ ሲረክስ ልዩነቱን ማን እንደሚሸከም በግልጽ ይታወቅ። አክሲዮኑ ከተሸጠ ደግሞ መማሪያ ጽሑፉ፣ መሣሪያውና አውደ ጥናቱ ለማን እንደሚቀሩ ገንዘቡ ከመግባቱ በፊት ይወሰን። ጽሑፉ በሕዝብ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ እጅ፣ የብየዳ ማሽኑ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ስም ከተመዘገበ፣ ፈንዱ በ7ኛው ዓመት ቢወጣም ሥልጠናው አይቋረጥም። ይህን ቅድመ ሁኔታ የማይቀበል ኩባንያ ይኖራል፤ ይሂድ። የሚቀበልም አይጠፋም፤ የፈንዱ ባለቤቶች «ፋይዳ» ለሚለው ቃል በየዓመቱ መግለጫ ማቅረብ ስላለባቸው፣ ማኅበሩ ከሚያስበው በላይ የመደራደር ኃይል አለው።

የካፒታል ምንጭም ውጭ ብቻ አይደለም። ከአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ወደ ባንክነት ያደገው ጸደይ ባንክ መነሻው የገበሬው ቁጠባ ነው። በየሠፈሩ ዕቁብ አለ፤ ዕድር ለቀብር የሚያጠራቅመው ገንዘብም ከፍተኛ ድርሻው ለወራት ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። በወረታ የሩዝ መፈልፈያ ሲሰበር ጠጋኙ ከአጠገቡ እንዲገኝ ለማድረግ የሲሊከን ቫሊ ፈንድ አያስፈልግም፤ አንድ የሚያስተምር መካኒክ፣ አንድ ቤትና ለአምስት ልጆች የዓመት ስንቅ ይበቃል። የዚህን ወጪ በብር አስልቶ ለሚቀጥለው የማኅበሩ ጉባኤ ማቅረብ ሒሳብ የሚችል የማንኛውም አባል የአንድ ምሽት ሥራ ነው።